ከሴኡሉ ቤተ መንግሥት ደረጃ ሥር ላነሳችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። ስምንት ሳምንት በክራንች ስንፏቀቅ ከርሜ ትናንት በሁለት እግሬ ክፍል ገብቻለሁ። እዚህ ሴኡልም አገር ቤትም ሆናችሁ «ልጅቷ እንዴት ሆነች?» ስትሉ ለከረማችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ስለማልዘልቀው ይህን ጻፍኩ።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ የወደቅሁት በቹሶክ ሰሞን ነው። ቹሶክ የኮሪያዎች የመኸር በዓል ነው፤ ዘንድሮ ከመስቀል ጋር ተጠጋግቶ ውሏል። በዚያን ቀን ቤተ መንግሥቶቻቸው በነፃ ይከፈታሉ። የዶርም ጓደኛዬ ሀንቦክ፣ ማለትም የባህል ልብሳቸውን ካልለበስሽ ብላ ተከራይታ አለበሰችኝ። ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል። እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅ፣ በዚያ ላይ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፤ ግንብ እያየሁ አድጌ ምን ይገርመኛል ብዬ ነበር ግዮንግቦክጉንግ የሚባለው ቤተ መንግሥት የገባሁት።

የዙፋኑ አዳራሽ አደባባይ በሻካራ ድንጋይ ነው የተነጠፈው። ሰነፍ ጠራቢ የሠራው ይመስላል። ለካ ሆን ተብሎ ነው፦ ድንጋዩ ቢለሰልስ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ የሹማምንቱንም ጫማ ያንሸራትታል። ግራና ቀኝ ማዕረግ የተቀረጸባቸው አጫጭር ድንጋዮች ቆመዋል፤ የአስተዳደሩ ሹም በምሥራቅ፣ የጦሩ በምዕራብ፣ እንደየደረጃው ይሰለፍባቸው ነበር። የድንጋይ ንጣፉ ውስጥ የተቀበሩ የብረት ቀለበቶችም አሉ፤ የድንኳን ገመድ ማሰሪያ ናቸው። ይህን ሁሉ እያደነቅሁ ደረጃውን ወጣሁ። ከዙፋኑ ጀርባ ፀሐይና ጨረቃ ከአምስት ተራሮች በላይ አብረው የወጡበት ሥዕል አለ። እሱን በስልኬ አስተካክዬ ላነሳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። የገዛ ቀሚሴን ረገጥኩ። ያ የማያንሸራትት ድንጋይ አልጠቀመኝም።

ከዚያ ትዝ የሚለኝ በጀርባዬ ተኝቼ በጣሪያው ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ስቆጥር ነው። ልጇን ለባሏ ሰጥታ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ጃንጥላ የያዘችልኝ እናት፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅሁም፤ እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ። የጥንት ዘበኛ ለብሶ በር ላይ የሚቆመው ወጣት፣ የለጠፈው ጺም አንድ ጎኑ ተላቆ እየተንጠለጠለ ሕዝቡን ሲያስለቅቅልኝ በዚያ ሕመም ውስጥ ሳቄ መጥቶ ነበር። ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ።

ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። ለሐኪሞቹ፣ በተለይ ማታ ማታ በስልኳ እያስተረጎመች ለምታወራኝ ነርስ ምስጋናዬ ይድረስ። ኢንሹራንስ ያልሸፈነውን በአንድ ምሽት አዋጥታችሁ ለጨረሳችሁ ሀበሾች ምን እላለሁ? ከፈረቃ ወጥታችሁ፣ እንቅልፋችሁን አጥታችሁ፣ ሽሮ ሠርታችሁ በባቡር ያመጣችሁልኝ እህቶቼ፣ ውለታችሁን ሰማይ ይክፈላችሁ። የጓደኛዬ አያት ደግሞ የአጥንት መረቅ በትልቅ ድስት ይዘው ከቹንቾን መጡ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው በኮሪያ ጦርነት ስለዘመተው የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከመናገራቸው በፊት ያነሱት ቡና ነበር፤ በከተማቸው ጃንሆይ ለመታሰቢያው ሐውልት በመጡበት በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ።

ተኝቼ ስለ ቤተ መንግሥቱ ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ ናቸው።) በ1395 ተሠራ፤ በ1592 በጃፓን ወረራ ጊዜ ተቃጠለ፤ ከ270 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ኖሮ በ1860ዎቹ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ጃፓን አገሩን ስትገዛ አብዛኛውን ቤት አፈረሰችው፤ በ1926 የቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤት ልክ ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ተገተረ። ኮሪያዎች ይህን መሥሪያ ቤት ማፍረስ የጀመሩት በ1995 ነው። ዋናውን በር በ1968 በኮንክሪት ሠርተውት ነበር፤ አልረኩም፤ አፍርሰው በ2010 በእንጨት፣ በቀድሞ ቦታው መለሱት።

እኔ ክፍል ውስጥ «ይኼማ ኮፒ ነው» ብዬ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። የእኛ ግንብ ድንጋይና ኖራ ስለሆነ ደርቡሽ ከተማውን አቃጥሎ ሲሄድም ግድግዳው ቆሞ ቀርቷል፤ ፍርስራሹን እንዳለ ማየት ለምደናል። እንጨት ግን ከተቃጠለ አመድ ነው፤ ወይ ትሠራዋለህ ወይ ትረሳዋለህ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተረታሁም። ግን ቁርጭምጭሚቴ ውስጥ ብረት ይዤ ስለ «ኦሪጅናል» ብዙ ማውራት አፍሬያለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት በክራንች ተመለስኩ። ጓደኛዬ ለደቂቃ እንኳ ሳትቀድመኝ እስከ ግቢው ሰሜን ጫፍ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ ይኖሩበት እስከነበረው ጎንቾንግጉንግ አደረሰችኝ። በ1887 በኮሪያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የበራው እዚያ ነው። ንግሥቲቱን የጃፓን ነፍሰ ገዳዮች ገብተው የገደሏትም እዚያው ነው፤ ጥቅምት 1895፣ የአድዋ ዘማች ከአዲስ አበባ በሚነሣበት ሰሞን። ቤቱ ቀለም ያልተቀባ፣ የሰው መኖሪያ የሚመስል ነው። ሁለታችንም ምንም ሳንባባል ትንሽ ቆምን። ከዚያ እግሬ በረደው።

እማዬ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለፈ በኋላ ስለነገርኩሽ ይቅር በይኝ። የተሳልሽውን ጧፍ ለቁስቋም አድርሺልኝ። አማካሪ መምህሬም የጥናቴን ቀን ሁለት ጊዜ ስላራዘሙልኝ አመሰግናለሁ። የሀንቦኳ ባለሱቅ የተቀደደውን ቀሚስ አስከፍላኛለች፤ እሷም ልክ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶርሙ ምድር ቤት ቡና አፈላለሁ። ቄጠማ የለም፣ ፈንዲሻ ግን አለ። የጓደኛዬ አያትም ከቹንቾን እመጣለሁ ብለዋል፤ ሦስተኛውን ሳትጠጡ የምትሄዱ እንዳትኖሩ።