ይድረስ ለእማዬ፣ ስለ ዓይንሽ ነገር

ውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምታነብልሽ እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። ድሮ አንቺው ነበርሽ ዳዊቱን በኩራዝ የምትደግሚው።

ባለፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ ጣራውን ቀና ብለሽ አየሽና «መላእክቱን ጭስ በላቸው እንዴ?» አልሽ። ጭስ አይደለም እማዬ፣ የዓይን ሞራ ነው። ሐኪሙም ነግሮሻል። አንቺ ግን «ዓይኔን ቢላ አላስነካም» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዓሣ ልጽፍልሽ ነው። አትሳቂ፣ ውሎዬ ከዓሣ ጋር አይደል?

ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። ወንዝ ውስጥ የሚኖረው ደህና አድርጎ ያያል። ዋሻ ገብቶ የቀረው ዘመዱ ግን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ዓይኑን አጥቷል። ብርሃን ላይ አውጥተው ቢያረቡትም ልጆቹ ዓይን አያወጡም። የወንዙን ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቢያሳድጉት ዓይን ያወጣል። የአንድ ትውልድ ጨለማ የሚሠራው ነገር አይደለም። ዓይን ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ምንም በማይታይበት ዋሻ ደግሞ ትርፍ ወጪ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የዋሻው ዓሣም ፅንስ ሳለ ዓይን ይጀምራል። ከዚያ ሌንሱ ይሞታል። ሌንስ ማለት የጎርጎራ ዓሣ ስትጠብሺ ከዓይኑ ወጥታ ነጭ ዶቃ የምትመስለው፣ እኛ ልጆቹ የምንሻማባት ነገር ናት። እሷ ስትሞት የቀረው ዓይን ወደ ውስጥ ይሰምጥና ቆዳ ይለብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከወንዙ ዓሣ ፅንስ ሌንስ አውጥተው በዋሻው ዓሣ ፅንስ አንድ ዓይን ላይ ተከሉ። በዚያ በኩል ትልቅ ዓይን አደገ፣ ብሌኑ ሳይቀር። በሌላው በኩል ቆዳ ብቻ!

ያንቺ ደግሞ ከዚህ ይቀላል። ዓይንሽ አልሰመጠም፣ የደፈረሰችው ሌንሷ ናት። ዓይንሽን አደንዝዘው እሷን ያወጡና ሰው ሠራሽ ይተኩልሻል። መጀመሪያ አንዱን ዓይን ብቻ ነው የሚሠሩት። ካልወደድሽው እንደዚያ ዓሣ በአንድ ጎን ትቀሪያለሽ።

ቅዳሜ ከባሕር ዳር በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ለሰኞ ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ። አዎ፣ ሳልጠይቅሽ። ቁጣውን ስደርስ አድርጊው፣ ቡናው ላይ።

ልጅሽ