«ዘር» እና «ዘረ መል» ይለዩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጉዳዩ፦ ባለፈው ረቡዕ በጤና ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ ይመለከታል

ለ31 ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ የምኖር ደንበኛችሁ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ማኪያቶዬን አዝዤ፣ እንደ ልማዴ እስክሪብቶ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ገና ሥራ ላይ ነው። በሁለተኛው ዓምድ «የደም ካንሰር ከዘረ መል ለውጥ የሚመጣ የዘር በሽታ ስለሆነ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም» ይላል። የፊደል ግድፈት ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አልፈው ነበር።

ቅዳሜ ለልጄ ሽማግሌ መጣ። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ ተቀመጡ አልናቸው፣ ቡና ቀረበ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ጋዜጣ አወጡ። የእናንተው ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ስለሚያወራ ነው» አሉ። «ይኼ የያዘዎት ሕመም ዘራችሁ ውስጥ ያለ ነው ይላል።» ባለቤቴ እየቀዳች ነበር፤ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ እስኪፈስ አላየችውም። ልጄ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

አዎ፣ የደም ካንሰር አለብኝ። የደም ካንሰር ብዙ ዓይነት ነው፤ የእኔ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ይባላል። በ2009 ዓ.ም. ሌሊት ሌሊት ያልበኝ፣ ሳልበላ እጠግብ ጀመር። ጣፊያዬ አብጦ ከግራ ጎድኔ ሥር እንደ ድንጋይ ይዳሰስ ነበር። ጎረቤት ወባ ነው አለ፤ ቆላ ወርጄ የማላውቀውን ሰው! ደሜ ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋሴ በማይክሮ ሊትር 187 ሺህ ሆነ። የጤነኛ ሰው ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ ቋንቋ ተረዳሁት። ዘረ መል ለሕዋስ ሥራ የተጻፈ መመሪያ ነው፤ ክሮሞዞም ደግሞ መመሪያዎቹ የተደረደሩበት ክር። 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ኤቢኤል 1 የሚባል ዘረ መል አለ፤ 22ኛው ላይ ደግሞ ቢሲአር የሚባል። መቅኒዬ ውስጥ በአንዲት ሕዋስ የሁለቱ ክሮሞዞሞች ጫፎች ተቀያየሩ። በእርሳስ ፊደል ዘመን የሁለት ገጽ ግርጌ ሲቀያየር አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማይገናኝ ወሬ ይወጣና አራሚው ወዲያው ይይዘዋል። የሚያስፈራው ገጥሞ የተነበበው ነው። የእኔው ገጠመ።

ኤቢኤል 1 በራሱ ክፉ አይደለም። ሊቃውንቱ ፕሮቶ-ኦንኮጂን ይሉታል፤ ደኅና ሳለ ሥራውን የሚሠራ፣ ሲበላሽ ግን ወደ ካንሰር የሚገፋ ዘረ መል ማለት ነው። የሚያሠራው ፕሮቲን ታይሮሲን ካይኔዝ ነው፤ ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ ስንቅ ላይ ፎስፌት ቆንጥሮ ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፣ የተለጠፈበትም ሥራ ይጀምራል። እኛ ቤት «ይታተም» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ነበር፤ እሱ ሳይፈርም ማሽን አይነሳም። ደኅናው ኤቢኤል ካልተፈለገ በራሱ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ከቢሲአር ጋር ሲጣበቅ ግን አጥፎ የሚይዘው የፊት ጫፉ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት «ይታተም» ነው። መቅኒዬ ማንም ያላዘዘውን ነጭ ሕዋስ ሲያትም ከረመ።

በቅይይሩ ያጠረው 22ኛ ክሮሞዞም ፊላደልፊያ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1960 ተመራማሪዎቹ ፒተር ናውልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በዚያች የአሜሪካ ከተማ ስላገኙት ነው። ቁራጩ ከ9ኛው ጋር መቀያየሩን የደረሰችበት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዋ ጃኔት ራውሊ ናት፤ የክሮሞዞም ፎቶ በመቀስ እየቆረጠች ቤቷ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ትደረድር ነበር። አራሚ ማለት እሷ ናት።

እንግዲህ ይኼ ስሕተት የተፈጠረው በስተርጅናዬ፣ መቅኒዬ ውስጥ ነው። ልጄ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ከእኔ የወረሰችው አፍንጫዬንና ቁጣዬን ነው።

የሚወረስ የለም አልልም። ሬት የሚባል ሌላ ዘረ መል አለ (ስሙ ከእኛው መራራ ሬት ጋር መግጠሙ ይገርመኛል)፣ እሱም ካይኔዝ ያሠራል። ተበላሽቶ ከተወረሰ የታይሮይድ ካንሰር ያመጣል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ለይታችሁ ጻፉ ነው የምለው። ጥፋቱ የአማርኛችንም ጭምር ነው። «ዘረ መል» ስንል «ዘር»ን ከውስጡ ከተትነው፤ ዘር ደግሞ እዚህ አገር ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ ለጋዜጠኛ አይነገርም።

«መድኃኒትም የለውም» ላላችሁት፦ በቀን አንድ ጊዜ 400 ሚሊግራም ኢማቲኒብ ከምሳ ጋር በትልቅ ብርጭቆ ውሃ እውጣለሁ። መድኃኒቱ ኤቲፒ የሚቀመጥበት ቦታ ገብቶ ይቀመጥበታል፤ ፈራሚው እጁ ላይ ቀለም ያጣል። ዓይኔ ሥር ያብጣል፣ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይቀሰቅሰኛል። ይሁን። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ካጸደቀችው ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ በዚህ መድኃኒት ሕክምና የጀመሩ ሰዎች በትልቁ ጥናት ለ10 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ ከ100 83ቱ ያህል በሕይወት ነበሩ። እኔም ቀጠሮዬ ሲደርስ ቸርችል ጎዳናን በእግሬ ቁልቁል ወርጄ ጥቁር አንበሳ እገባለሁ። ሽቅቡን በታክሲ ነው፤ እሱ የዕድሜ ነው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ለማስረዳት ሞከርኩ። «ኤቢኤል እርስዎም ጋ አለ፣ ሙሽራውም ጋ አለ» ስላቸው ጭራሽ ደነገጡ። አበላሸሁት። «እኛ ምን እናውቃለን፣ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ነው» አሉና ጋዜጣውን መልሰው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አልፈርድባቸውም። ሰው የታተመውን ስለሚያምን ነው እኔ 31 ዓመት እንጀራ የበላሁት።

ስለዚህ ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል አይሁን። በዚያው ገጽ፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን። እንዳትቸገሩ ጽፌላችኋለሁ፦ «ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ በሕይወት ዘመን በመቅኒ ሕዋስ ውስጥ በሚፈጠር የዘረ መል ለውጥ ይመጣል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። መድኃኒት አለው።» ሦስት አጭር ሐሳብ ነው፣ አርሜዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ የፊታችን ቅዳሜ ይመለሳሉ። እናንተ የምትወጡት ረቡዕ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው አራሚ፣ ከጊዮርጊስ