የጆሮ ታምቡሩን ማን አየው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ውሻና ድመት የጆሮ መድኃኒት ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበበ ሰው አንዷን ዓረፍተ ነገር የሚረሳት አይመስለኝም። ሦስት መድኃኒት በአንድ ጠብታ የያዘው ምርት ለማንኛውም የጆሮ ሕመም ይሆናል፣ ባለቤቱም እቤቱ ሆኖ ሊያደርገው ይችላል የምትለዋን። ከእሷ በታች ደግሞ ሚዛኑን ስቶ የሚንገዳገድ ውሻ ወይ አርጅቷል ወይ ስትሮክ መቶታል ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት።

እነዚህ ሁለት መስመሮች አንድ ገጽ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ግን አልጻፋችሁም። እኔ የማውቀው ውሻዬ ላይ ስለደረሰ ነው።

ቡቺ 12 ዓመቱ ነው። ሐበሻ ውሻ ነው፣ ቡላ። የግራ ጆሮው ጫፍ በድሮ ጠብ ተቀዷል። የታመመው ግን ቀኙ ነበር። ቀኑን ሙሉ በኋላ እግሩ ያከዋል፣ ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ቀረብ ሲሉት ይሸታል። ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ውሻውን አምጡ አላለኝም። “ጆሮ ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት። ጠብታውን ከመደርደሪያ አወረደና ሦስት በአንድ ስለሆነ አይስትም ብሎ ሰጠኝ። እናንተ የጻፋችሁትን ነው ያለኝ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውሃ መጠጫው አጠገብ አገኘሁት። አራት እግሩን አንፈራጦ መሬቱን የሙጥኝ ብሏል። ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ዘንብሏል። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አይቆሙም። ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ይሄዱና ፈንጠር ብለው ወደ ግራ ይመለሳሉ። ደግመው ይሄዳሉ፣ ደግመው ይመለሳሉ። ስጠራው ሊነሳ ሞከረና በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ አስመለሰ።

ዘበኛችን ከሩቅ ቆመው “አብዷል፣ እንዳይጠጉት!” አሉ። ጎረቤቴ መርዝ የሚያበላ ሰው ልጥራ ወይ አሉኝ።

በዘበኛውም በጎረቤቴም አልፈርድም። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር የሚንገዳገድ ውሻ አይቶ መፍራት ተገቢ ነው። በሽታው አንዳንዴ እንዲሁ በመንገዳገድና በመልፈስፈስ ይጀምራል። ክትባቱን ያልወሰደ፣ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ውሻ ሲንገዳገድ ማንም በእጁ ሊነካው አይገባም። የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የቡቺ የክትባት ካርድ ግን እጄ ላይ ነበር፣ ጊዜውም አላለፈም። በዚያ ላይ የእብደት ምልክት የታየበት ውሻ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል። የውስጥ ጆሮው የታመመ ውሻ በተቃራኒው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው የሚከፉበት። ይህንን ልዩነት ጋዜጣችሁ ቢጽፈው ስንት ውሻ ከመርዝ ይድን ነበር? ያን ያህል ቦታ አልነበራችሁም? ጠብታውን የማስመጣት ፈቃድ ስላወጡት ነጋዴ ሦስት አንቀጽ ጽፋችኋል እኮ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም መጣልን። ቡቺን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ያዝነው። ማደንዘዣ ሰጥቶ ጆሮውን በጨው ውሃ አጠበ። መግል ወጣ፣ ብዙ መግል። ከዚያ መብራት ያለውን መመልከቻ ከቶ ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ጠብታውን አሳየሁት። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ይህን ሲጀምሩ ታምቡሩን ማን አየው?”

ማንም አላየውም። ታምቡሩ የለም፣ ተቀዷል።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ማታ ዘርግቼ አነበብኩት። ከጥፍር የማይበልጥ ሆኖ ተጣጥፎ ነበር፣ ፊደሉም በጣም ደቃቅ ነው። ታምቡሩ ለተቀደደ ውሻ አይደረግ ይላል። በእንግሊዝኛ። እናንተ ያወደሳችሁት ዓይነት ጠብታ ነው፣ ባክቴሪያ የሚገድለው ጄንታማይሲን፣ እብጠት የሚቀንሰው ቤታሜታዞንና ፈንገስ የሚገድለው ክሎትሪማዞል። ዘጋቢያችሁ ስለ ምርቱ ሲጽፍ ይህን ወረቀት አንብቦታል? ካነበበው ለምን አልጻፈውም? ካላነበበው ደግሞ ለማንኛውም የጆሮ ሕመም ይሆናል የሚለውን ከየት አመጣው?

አሁን ነገሩን ረጋ ብዬ ላስረዳ።

የውስጥ ጆሮ መስሚያ ብቻ አይደለም። በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉበት። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ በውስጡ ያሉትን ጸጉር መሰል ሴሎች ይነካል፣ እነሱ ለአንጎል መልእክት ይልካሉ። የቀኝና የግራ ጆሮ መልእክት እኩል ሲሆን አንጎል ሰውነቱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ያውቃል። አንደኛው ወገን ድንገት ዝም ካለ ግን አንጎል እየዞርኩ ነው ብሎ ያምናል። ቡቺ ያን ጠዋት መሬቱን የሙጥኝ ያለው ለዚህ ነው። ለእሱ ግቢው በሙሉ ይሽከረከር ነበር።

ይህ ችግር ምክንያቱ ብዙ ነው። ያረጀ ውሻ ምንም ምክንያት ሳይገኝለት ድንገት ሊይዘው ይችላል። ይህኛው በጣም ያስደነግጣል፣ ግን በሦስት ቀን ገደማ መሻሻል ይጀምራል፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ይድናሉ። ስትሮክ ነው እየተባለ ስንቱ ውሻ ያለጊዜው እንዲሞት የሚደረገው በዚህ ነው። ከውጭ ጆሮ ተነስቶ ወደ ውስጥ የዘለቀ ኢንፌክሽን ሌላው ነው። የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስ አለ፣ ጆሮ ወይም አንጎል ውስጥ የሚያድግ ዕባጭም አለ። ለተቅማጥ እያልን ከሰው ፋርማሲ ገዝተን የምንሰጠው ሜትሮኒዳዞል እንኳን መጠኑ ሲበዛ ውሻንም ድመትንም ያንገዳግዳል። ዓይኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል፣ የሚፈዝ፣ እግሩ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከጆሮ ሳይሆን ከአንጎል ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ “አርጅቷል” በሚል ቃል አይጠቀለልም።

ጄንታማይሲን ደግሞ የስትሬፕቶማይሲን ቤተሰብ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች፣ ጠብታው በተቀደደ ታምቡር አልፎ፣ መርፌው በደም በኩል፣ የውስጥ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ እነዚያን ጸጉር መሰል ሴሎች ይገድላሉ። በሰውም፣ በውሻም፣ በድመትም የሞተው ሴል ተመልሶ አይበቅልም።

ስትሬፕቶማይሲን የሚለውን ስም የማውቀው ከቡቺ በፊት ነው። አባቴ የሳንባ ነቀርሳ ታመው ነበር። እኔ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ መርፌውን ተወጉ። ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ያ መድኃኒት የስንቱን ነፍስ አትርፏል፣ ተመራማሪው ዋክስማንም እ.ኤ.አ. በ1952 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የአባቴን ነፍስ ስላተረፈ እኔም አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አባቴ በጨለማ መሄድ አቃታቸው። ቀን ደህና ናቸው። መብራት ሲጠፋ ግን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ነው ወደ መኝታቸው የሚሄዱት። ቀለሙ ላይ በትከሻቸው ቁመት ልክ የእጃቸው ወዝ መስመር ሠርቶ ነበር። ቤቱ እስኪታደስ ድረስ አልጠፋም። ጆሮ የሚነግረውን ያጣ ሰው በዓይኑ ነው የሚቆመው።

ቡቺ ግድግዳውን ተደግፎ ሲሄድ ያየሁት ያንን መስመር ነው። ታዲያ ዘገባችሁን ሳነብ ብናደድ ይገርማል?

በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የጠብታው ነው አልልም። ኢንፌክሽኑ ራሱ ታምቡሩን ቀዶ፣ ራሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙም ይህንኑ ነው የነገረኝ። ታምቡሩ መቼ እንደተቀደደ ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም አላየውም። እኔም የምጮኸው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ቢያይ ኖሮ ዛሬ እርግጠኛ እንሆን ነበር።

መድኃኒት ማቀላቀልንም አልቃወምም። በጆሮ ሕመም ጊዜ ባክቴሪያውም ፈንገሱም እብጠቱም አብረው ይገኛሉ። አንዱ ባክቴሪያውን፣ አንዱ ፈንገሱን፣ አንዱ እብጠቱንና ማሳከኩን ቢይዝ ምክንያት አለው። ውሻም ሦስት ጊዜ ከሚያዝ አንድ ጊዜ ቢያዝ ይሻለዋል። ግን እንዲህ ያለ ምርት ሲሠራ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ድርሻው ምንድነው? አንዱ የሌላውን ሥራ ያበላሻል? አብረው በአንድ ጠርሙስ ሲቀመጡ ይበላሻሉ? የአንዱ ጉዳት የሌላውን ጥቅም ይበልጣል? ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ የተሻለ የሆነ መድኃኒት የለም። ሦስት ነገር የያዘ ጠብታ ሦስት የመሳሳቻ መንገድም ይዟል። ፈንገስ ብቻ ላለበት ጆሮ አንቲባዮቲክ ጨምሮ መስጠት ያለምክንያት ባክቴሪያን መድኃኒት ማለማመድ ነው።

በደንብ የታሰበበት ጥምረት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ አውሮፓ ውስጥ ለሰው የማዞር ሕመም የሚሰጠውን ክኒን እዩ። 20 ሚሊግራም ሲናሪዚንና 40 ሚሊግራም ዳይመንሃይድሪኔት ይዟል። አንዱ በይበልጥ የውስጥ ጆሮው ላይ ይሠራል፣ ሌላው አንጎል ውስጥ ባለው የሚዛን ማዕከል ላይ። ሁለት ቦታ ስለሚይዙ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚሰጡበት ባነሰ መጠን ይበቃሉ። ይህ የሰው ነው፣ ማንም ተነስቶ ለውሻው እንዳይሰጥ። ማሳየት የፈለግኩት ምክንያት ያለውን ጥምረትና ለሽያጭ የሚነገረውን ልዩነት ነው። በዘገባችሁ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

ድመቶችንስ የት ጣላችኋቸው? ርዕሳችሁ “ውሻና ድመት” ይላል። ውስጡ ግን ስለ ድመት ያለው ቃል “ለድመትም” የሚል ብቻ ነው። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ነፍሰ ጡር ድመት ፓንሉኮፔኒያ በሚባለው ቫይረስ ስትያዝ ግልገሎቿ ሚዛንን የሚቆጣጠረው፣ ትንሹ አንጎል የሚባለው ክፍል በደንብ ሳያድግ ሊወለዱ ይችላሉ። መሄድ ከጀመሩበት ቀን አንስተው ይንገዳገዳሉ። ግን አይብስባቸውም፣ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ግልገል ሲገኝ ተመርዟል ተብሎ ይጣላል። ጥሬ ዓሣ አዘውትራ የምትበላ ድመት ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ልታጣ ትችላለች፣ አንዳንዱ ዓሣ ቫይታሚኑን የሚያፈርስ ነገር ስላለው። አንገቷ ወደ ደረቷ ይታጠፋል፣ ትንገዳገዳለች። በጊዜ ከተደረሰላት ቫይታሚኑን በመርፌ መስጠት ያድናታል። በጾም ዓሣ የሚበላ ቤት ሁሉ አንጀትና ጭንቅላቱን ለድመት ይወረውራል። ለዚህ አገር አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምን ዜና ነበር?

በዘገባችሁ ፎቶ ላይ ያለው ውሻ ጸጉሩ የተበጠረ የውጭ ዝርያ ነው። ያነጋገራችሁት ባለቤትም ለአንድ ቀጠሮ የሚከፍሉትን ሲናገሩ ሰማን። መልካም፣ ውሻቸውን ይማርላቸው። ግን የዚህ ከተማ ውሻ አብዛኛው የግቢ ውሻ ነው። ፍርፋሪ በልቶ፣ ሌሊት ጮኾ፣ በር ጠብቆ የሚያድር። እኛ ባለቤቶቹ ሐኪም ከማግኘታችን በፊት የምናገኘው መድኃኒት ሻጩን ነው። ከሻጩ በፊት ደግሞ የምናገኘው እናንተን ነው። ቤታችሁ ሆናችሁ ማድረግ ትችላላችሁ ስትሉ የምንሰማችሁ እኛ ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ ታምቡሩ ሳይታይ እንዲህ ያለ ጠብታ ጆሮ ውስጥ እንደማይገባ ጻፉ። የሚንገዳገድ እንስሳ ሁሉ ስትሮክ እንዳልመታው ጻፉ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግሩ። ነጋዴ አይደለም፣ ሐኪም።

ቡቺ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሄድ ጀመረ። ጭንቅላቱ እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ ነው። በቀኝ በኩል ሲጠሩት አይሰማም። ቀን ግቢውን ይዞራል፣ ፖስተኛው ሲመጣ ይጮሃል። ማታ ግን ከበረንዳው ጥግ አይነሳም። እኔም የበረንዳውን መብራት ማጥፋት ትቻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቡቺ ባለቤት
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ