ለጁሪ የተጠራ ሹፌር ሒሳብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የመጣው የጁሪ (ከሕዝብ ተጠርተው ችሎት ላይ ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች) ጥሪ ማቀዝቀዣችን በር ላይ ተለጥፏል፣ ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ወረቀት ጎን። ባለቤቴ «አልደረሰኝም በል» ትላለች። አይሆንም፤ ያስቀጣል። ደግሞም መሄድ እፈልጋለሁ፤ ባደግኩበት አገር ፈራጁ ዳኛ ብቻ ነበርና።

ችግሩ ሒሳቡ ነው። ለጁሪ በቀን የሚከፈለው 50 ዶላር ነው። በፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 7.25 ዶላር፣ ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው እንኳ 58 ያገኛል! ችሎቱ ከ10 ቀን ካለፈ ወደ 60 ከፍ ሊል ይችላል፤ እስከዚያ የቤት ኪራይ ደርሷል። ሕጉ አሠሪ ቋሚ ሠራተኛውን በጁሪ ምክንያት እንዳያባርር ይከለክላል፤ የቀረበትን ደመወዝ ይክፈለው ግን አይልም። እኔ ታክሲ ስለምነዳ የሚያባርረኝም የሚከፍለኝም የለም። መኪናው ቆሞ ሲውል ኢንሹራንሱ አብሮ አይቆምም።

«ከባድ ችግር ያለበት ከጁሪ እንዲለቀቅ ይጠይቅ» ይባላል። የቀን ገቢ ያለው ሁሉ እንዲህ ከወጣ የጁሪው ወንበር ላይ የሚቀረው ማን ነው? ጡረተኛና ባለ ወር ደመወዝ። ተከሳሹ ግን ብዙ ጊዜ እንደኛው ነው።

ክፍያው ቢያንስ ከዝቅተኛው ደመወዝ እንዳያንስ ለኮንግረስ ተወካዬ ጽፌያለሁ። አንባቢዎቻችሁም ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

የታክሲ ሹፌር፣ ቨርጂኒያ