አምቡላንስ እስኪደርስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ክረምት የሦስት ዓመት ልጄን ሌሊት ትኩሳት አንቀጥቅጦ ራሷን ባሳታት ጊዜ አምቡላንስ ጠርቼ ነበር፤ ስልኩን ያነሡት ባለሙያ አስቀድመው የጠየቁኝ የቤታችንን ምልክት ስለነበር፣ «ወፍጮ ቤቱን አልፎ» ከማለት በቀር አንደበቴ አልፈታ ብሎኝ ደቂቃዎች ባከኑ። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ደግሞ በ939 ስለሚጠራ፣ ወላጅ ከቁጥሮቹ ጋር ሾፌሩ በጨለማ ሊከተለው የሚችለውን አቅጣጫ ጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ መኪናው ሲቃረብም አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ አስፋልት ዳር ቢቆም ይበጃል።

እስከዚያው የሚያንቀጠቅጠውን ልጅ በጎኑ አስተኝቶ ሰዓት መያዝ ይገባል፤ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አጣዳፊ ነውና ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል። አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ሆነ፣ ጎረቤቶቼ በቅንነት እንዳደረጉት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ሊጎዳው ይችላል እንጂ አይረዳውም። ልጁን ማን አጅቦት እንደሚሄድም አስቀድሞ መወሰን ይሻላል (እኛ አራት ሆነን ለመሳፈር ስንጋፋ ነበር)።

ጋዜጣችሁ ሁለቱን ቁጥሮች በየዕትሙ የመጨረሻ ገጽ ላይ በጉልህ ቢያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ