ጋቢያችሁ መንገድ ላይ ለምን እንደሚቆይ

ባሕር ዳር፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ሦስት ቀን ዘግይተናል፤ ስለ መዘግየት ልንጽፍ ተቀምጠን እሱም ዘገየብን።

ከኅዳር ወዲህ ስልካችን የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «ጋቢዬ የት ደረሰ?» አብዛኛው የሚደወለው ከአሜሪካ ነው። በየስልኩ እየቆራረጥን ከምንመልስ አንዴ በወጉ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ኅዳር ላይ አንዱ ሸማኔያችን ታሞ ስድስት ጋቢዎች ከቀጠሯቸው አሥራ አንድ ቀን ዘግይተው ነው ከቤታችን የወጡት። ቀድመን ደውለን መንገር ነበረብን፤ አላደረግነውም። ከስድስቱ አንዱ ለአንዲት እናት ለገና ታስቦ የተሠራ ነበር። የደረሳቸው ገና ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ረጥቦ፣ የጥለቱ ቀለም ነጩ ላይ ወርዶ። በስንት እጅ እንዳለፈና የትኛው ጋ እንደረጠበ እስካሁን አልታወቀም። ሌላ እየተሸመነላቸው ነው፤ ድሩ ትናንት ተዘርግቷል።

የቀረው የመንገዱ ጉዳይ ነው። በፖስታ የምንልከው ዕቃ ከዚህ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሄዳል። አሜሪካ ሲገባ ግን እጅ ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ በር ድረስ የሚያደርሰው የአገሩ ብሔራዊ ፖስታ ቤት ነው። የሰጠናችሁ የመከታተያ ቁጥር፣ ያ በሁለት ፊደል ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ በእነሱ ድረ ገጽ ላይም ይሠራል። ስለዚህ እዚያ ቤት የሚሆነው ነገር እዚህ ሽመና ቤት ድረስ ይመጣል።

እዚያ ቤት ደግሞ ገንዘብ አጥሯል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት 9.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2025 ደግሞ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። በማርች 2025 የወቅቱ ኃላፊ ሉዊ ዲጆይ 10,000 ሠራተኞችን በፈቃደኝነት ቀድሞ ጡረታ በማስወጣት እንደሚቀንሱ ለኮንግረሱ ጻፉ፤ በዚያው ወር ራሳቸውም ሥራቸውን ለቀቁ። ከ600,000 በላይ ሠራተኛ ላለው ቤት አሥር ሺሕ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀድሞ ጡረታ የሚወጣው ማን እንደሆነ ሥራ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሰፈሩን በቃሉ የያዘው ነው የሚወጣው፤ የሚቀረው ገና የሚማረው ነው።

ለምን ከሰረ ለምትሉ፣ አንደኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓመት ከ103 ቢሊዮን በላይ የነበረው መደበኛ ደብዳቤ ዛሬ ከግማሹም ወርዷል። በዚያ ላይ በ2006 የወጣ ሕግ የጡረተኞቹን የወደፊት የሕክምና ወጪ ከወዲሁ እንዲያስቀምጥ አስገድዶት ነበር፤ በዓመት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። ያ ግዴታ በ2022 ተነሣ፣ ኪሳራው ግን አልተነሣም።

ለእኛ ለጣና ሰዎች ነገሩ በጀልባ ይገባናል። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልበኛ ሰው እስኪሞላለት ይጠብቃል፤ ካልሞላለት ያላችሁት ተካፍላችሁ የባዶውን ወንበር ክፈሉ ይላል። የአሜሪካው ፖስታ ቤት ግን ሞላም አልሞላም መነሣት አለበት፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከ160 ሚሊዮን በላይ ወደሚሆን አድራሻ፣ ተራራም ይሁን ምድረ በዳ። ለሥራ ማስኬጃው ደግሞ በአብዛኛው ከግብር ገንዘብ አይሰጠውም፤ ከቴምብርና ከአገልግሎት በሚያገኘው ይተዳደር ተብሏል። ናፍጣው የራሱ፣ የመነሻ ሰዓቱ የመንግሥት። እንዲህ ያለ ጀልበኛ ሲከስር ብናይ ሰነፍ ነው ለማለት አንቸኩልም።

ማጓጓዣውን ለምን ጨመራችሁ የሚለውም ከዚሁ ይነሣል። የላኪው አገር ፖስታ ቤት ለተቀባዩ አገር ፖስታ ቤት የማድረሻ ሒሳብ ይከፍላል። አሜሪካ ይህ ሒሳብ አነሰኝ ብላ ከዓለም ፖስታ ኅብረት ልትወጣ ስትል (አገራችን በ1901 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን የገባችበት ኅብረት ነው)፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ጄኔቫ ላይ ስብሰባ ተደርጎ ለትንንሽ ጥቅሎች የራሷን ተመን እንድታወጣ መንገድ ተከፈተላት። ከዚያ ወዲህ የሚረክስ ነገር የለም።

ትንሽ ጥቅል የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ነው። ትልቁ ጋቢያችን ብቻውን 1 ኪሎ ከ850 ግራም ይመዝናል፤ ካርቶን ሲጨመርበት 2 ኪሎን ያልፍና ውዱ ተመን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካርቶኑን ትተነዋል። ጋቢው ስምንት ቦታ ታጥፎ፣ አንድ ሰው በጉልበቱ ተጭኖ አየሩን ካስወጣው በኋላ በወፍራም ላስቲክ ሁለቴ ተጠቅልሎ በፕላስተር ይታሸጋል። መልኩ አያምርም፤ አንዲት ደንበኛችን «ትራስ የላካችሁልኝ መስሎኝ ነበር» ብለውናል። ውኃ ግን አያስገባም፤ ሚዛኑም 1 ኪሎ ከ940 ላይ ይቆማል።

የጉምሩኩ ነገር ለብቻው ነው፤ ብዙዎቻችሁ ከፖስታ ቤቱ ችግር ጋር ስለምታደባልቁት ነው የምናነሣው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አንሥታለች። ቀረጥ ሲኖር ከጋቢው ዋጋ ለይተን ደረሰኙ ላይ እናሳያችኋለን።

ከእንግዲህ ሁለትና ከዚያ በላይ ጋቢ ላዘዘ ሰው በአየር ጭነት እንልካለን። አንድ ብቻ ያዘዘ በፖስታ ይቀጥላል፤ ለአንድ ጋቢ ከፖስታ የሚሻል አላገኘንም። ለፋሲካ የምትፈልጉ እስከ ቅበላ፣ የካቲት 8 ድረስ እዘዙ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ስምንት ሳምንት አለን፤ ሦስቱ ለሽመናው፣ የተረፈው ለመንገዱ። አገር ውስጥ ላላችሁ የተለወጠ ነገር የለም፤ እንደ ወትሮው በአውቶብስ ይደርሳችኋል።

አድራሻ ስትልኩልን ደግሞ የአፓርታማ ቁጥር አትርሱ። እዚህ «ከጊዮርጊስ ጀርባ» ተብሎ ቤት ይገኛል፤ እዚያ ግን ሰፈሩን በቃሉ የሚያውቀው ፖስተኛ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። በአሁኑ ሰዓት ቁጥሩን ሳትጽፉ ያዘዛችሁ ሦስት ሰዎች አላችሁ። ጋቢዎቻችሁ ታሽገው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ስልካችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽመና ቤቱ ባልደረቦች