ከሌንሱ በፊት ትራከሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ኮከብ ፎቶ ማንሳት ለሚያምራቸው ወጣቶች «አቅማችሁ የቻለውን ትልቅ ዙም ግዙ» የሚል ምክር ወጥቶ አነበብኩ። በደግ አስባችሁት ነው። ግን እኔ በዚችው ምክር ተቃጥያለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሻጩ «ጨረቃን እጅህ ላይ ያመጣታል» ሲለኝ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። እዚያው ሌሊት ሱሉልታ ወጥቼ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አስሬ ኦሪዮን ወደሚባሉት የከዋክብት ስብስብ ደገንኩት። ብርሃን እንዲገባ ካሜራውን 10 ሰከንድ ከፈትኩ። ከዋክብቱ የተቆራረጠ ፓስታ መስለው ወጡ።

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ያቺ መንሸራተት ትጎላለች። ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙባት ግምት አለች፦ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ከዋክብቱ ሳይጎተቱ ካሜራውን መክፈት የምትችሉበት ሰከንድ ነው። ባለ 24 ከሆነ 20 ሰከንድ ያህል ታገኛላችሁ። ባለ 600 ከሆነ አንድ ሰከንድም አይሞላ።

ስለዚህ ቀድሞ የሚገዛው ትራከሩ ነው፤ ካሜራውን ተሸክሞ ከሰማዩ እኩል የሚያዞረው ሞተር ማለቴ ነው። ሻጭ «5 ኪሎ ይችላል» ካላችሁ ግማሹን ብቻ እመኑት።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ጣጣ አለ፣ ከፈረንጅ ቪዲዮ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚደናገርበት። ትራከሩ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ብታዩ ያችን ታክላለች። አንድ ባሕር ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል። ማነጣጠሪያዋ ቀዳዳ ዝቅ ስለምትል እኔ ጋቢ አንጥፌ በሆዴ እተኛለሁ፤ አንድ ሌሊት ያየኝ ዘበኛ የታመምኩ መስሎት ውሃ አምጥቶልኛል። አንዳንዱ ማውንት፣ ትራከሩን የሚያዘነብለው መቀመጫ ማለቴ ነው፣ ጭራሽ ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። የትራይፖዱን አንድ እግርም ወደ ሰሜን አድርጉት፤ አለዚያ ሸክሙ ወደፊት ይደፋዋል።

ሌንስ ላይ የኔ ምርጫ ያገለገለ፣ ዙም የሌለው ባለ 135 ነው። ኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ላይ አንድ አንድ ደቂቃ እየከፈትኩ ደጋግሜ አነሳና ኋላ ኮምፒውተር ላይ እደራርባቸዋለሁ። የኦሪዮን መቀነት ከነኔቡላው፣ ከሚያበራው የጋዝ ደመና ጋር፣ አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን አናታችን ላይ ነው የሚቆመው፣ አውሮፓዎቹ ይቅኑብን። በፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) ግን ክረምት ይበድለናል፤ መሐሉ በጊዜ የሚወጣው ደመና በወረሰን ወራት ነው። እሱን የፈለገ መጋቢት ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳ።

600ውን ምን አደረግከው ካላችሁኝ፣ ወፍ ለሚያነሳ ልጅ በኪሳራ ሸጥኩት። በቀደም የጭልፊት ፎቶ ላከልኝ። ላባው ይቆጠራል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ